የማናውቃቸውን ሰዎች ድብቅ ሕይወት በጨረፍታ የሚያሳይ ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

በመስኮት የታየች አንዲት እንቅስቃሴ፣ ከግድግዳ ወዲያ የተሰማ ግማሽ ንግግር፣ በተዋሱት መጽሐፍ ውስጥ ተረስቶ የቀረ የእጅ ጽሑፍ፣ በስሕተት የደረሰ የስልክ መልእክት፤ ከእነዚህ የሚነሣ አጭር ልቦለድ ጅማሬው ያለቀለት ስለሚመስል ብዙ ጀማሪዎችን ይስባል። ችግሩ ብቅ የሚለው ጸሐፊው ያየውን ጽፎ ሲጨርስና ያላየውን መፍጠር ሲጀምር ነው። የታየውና የተገመተው ተደበላልቀው ሲቀርቡ ታሪኩ ወደ ሐሜት ይወርዳል፤ ወይም አንባቢው «ተራኪው ይህን በምን አወቀ?» ብሎ ይጠይቅና ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በጥርጣሬ ያነባል። ከዚህ በታች የቀረቡት ደረጃዎች በሙሉ በታየውና በተገመተው መካከል ያለውን ክፍተት ሳይደፍኑ ስለመጻፍ ናቸው። ተመልካቹ ክፍተቱን የሚሞላበት ነገር የራሱን ማንነት ስለሚያጋልጥ፣ የእንዲህ ዓይነቱ ልቦለድ ጉልበት ያለው እዚያ ነው።

1. ማስታወሻን ለሁለት ከፍሎ መያዝ

ደብተርዎን ሲገልጡ በአንደኛው ገጽ ላይ የታየውንና የተሰማውን ብቻ፣ በትይዩው ገጽ ላይ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ወደ አእምሮዎ የመጣውን ይጻፉ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «አዘነች»፣ «ናፈቀ»፣ «ተቀያየሙ» የመሳሰሉ የውስጥ ስሜትን የሚናገሩ ግሶች አይገቡም። «ሴትየዋ አዘነች» የሚለው ወደ ትይዩው ገጽ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ላይ የሚቀረው «ሸሚዙን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆመች» የሚለው ነው።

ይህ ከሚመስለው በላይ ከባድ ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ሃይደር እና ዚመል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሁለት ሦስት ማዕዘኖችና አንዲት ትንሽ ክብ የሚንቀሳቀሱበትን አጭር ፊልም ለተማሪዎች አሳይተው ያዩትን እንዲጽፉ ጠይቀው ነበር። ከ34 ተመልካቾች መካከል ያየውን በቅርጾች እንቅስቃሴ ብቻ የገለጸው አንድ ሰው ነበር፤ ሌሎቹ ቅርጾቹን ሕይወት እንዳላቸው ፍጡራን፣ አብዛኞቹም እንደ ሰዎች ቆጥረው ጻፉ። ለሦስት ማዕዘን ሳይቀር ዓላማና ቁጣ የሚሰጥ አእምሮ በመስኮት ለታየ ሰው ምን ያህል እንደሚጨምርለት መገመት አያዳግትም። ደብተሩን ለሁለት መክፈል ይህን ጭማሪ ለማጥፋት አይደለም፤ ጭማሪው የት እንደ ጀመረ በኋላ ለማወቅ ነው፤ ሁለተኛው ገጽ የተመልካቹን ገጸ ባሕርይ ለመቅረጽ ያገለግላልና።

ማስታወሻ በሚይዙበት ጊዜ ማንም ሰው ከሚያልፍበት ቦታ ሆነው በአጋጣሚ ያዩትን ይመዝግቡ እንጂ ለማየት ብለው ወደ ሰው መስኮት አይጠጉ፤ ፎቶ አያንሡ፤ ድምፅ አይቅረጹ። ሰውን በገዛ ቤቱ ተደብቆ መመልከት በብዙ አገሮች በሕግ ያስጠይቃል። ከሕጉ ባሻገር ደግሞ፣ የተቀረጸ ነገር ያለው ጸሐፊ መፍጠር ትቶ መገልበጥ እንደሚጀምር ለማየት ረቂቆቹን ማንበብ ይበቃል።

2. የሚያስኬደውን ጨረፍታ መምረጥ

በራሱ ያለቀ ነገር ለዚህ ዓይነቱ ልቦለድ አይመችም። በመስኮት የታየ ድብድብ ወይም ስርቆት ምን እንደ ሆነ ስለሚታወቅ ለግምት ቦታ አይተውም። የሚሻለው ምክንያቱ የማይታይ፣ በተለይም የሚደጋገም ተራ ድርጊት ነው። ለዚህ መመሪያ የሚከተለውን ምሳሌ ፈጥረን እንጠቀም፦ ከመንገድ ማዶ ባለ ሕንፃ፣ በሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ አንዲት ሴት በየምሽቱ አንድ ሰማያዊ የወንድ ሸሚዝ በካውያ ትተኩሳለች፤ ከዚያም ሰቅላ መብራቱን ታጠፋለች።

ጨረፍታው ያስኬድ እንደ ሆነ ለመፈተን እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሦስት ማብራሪያዎች ይጻፉለት። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ማንም የሚደርስበት ነው፤ በምሳሌያችን ባሏ የሞተባት ወይም የተለያት ሴት ናት የሚለው። ይህን አይጣሉት፤ ነገር ግን የታሪኩ እውነት አያድርጉት፤ ለተመልካቹ እንደ እምነት ይስጡት። ሁለተኛው፣ ሸሚዙ የእሷ የራሷ ነው፤ ማንም በማያይበት ሰዓት የምትለብሰው። ሦስተኛው፣ ሸሚዙ አንድ አይደለም፤ በየምሽቱ የሚተኮሰው ሌላ ሸሚዝ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የሥራ ልብስ ሲሆን ሴትየዋ በክፍያ ትተኩሳለች። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም አንድም የታየ ነገር ሳይለውጥ ትርጉሙን በሙሉ ይገለብጣል።

3. ብርሃንን፣ ርቀትንና ጊዜን ማስላት

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው፣ ነገር ግን የአንባቢውን እምነት የሚያተርፈው ወይም የሚያሳጣው ደረጃ ይህ ነው። ተራኪው ከየት ቆሞ፣ በምን ብርሃን፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያይ በወረቀት ላይ ሥለው ይወስኑ፤ ከዚያም ሊያይ የማይችለውን ሁሉ ይከልክሉት።

ከርቀት እንጀምር። ጤናማ ዓይን ያለው ሰው በ6 ሜትር ርቀት ላይ ያለን ፊደል ለማንበብ የፊደሉ ቁመት 9 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ ርቀቱ 20 ሜትር ሲሆን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ከመንገድ ማዶ ያለ ተራኪ በጠረጴዛ ላይ ያለን ደብዳቤ ሊያነብ፣ በጣት ላይ ያለን ቀለበት በእርግጠኝነት ሊለይ፣ የዓይን እንባ ሊያይ አይችልም። እንባን ማሳየት ከፈለጉ እጅ ወደ ፊት ሲሄድ ያሳዩ፤ ላብ የሚጠርግም ሰው እጁን ወደ ፊቱ ይወስዳልና አሻሚነቱ ለታሪኩ ይጠቅማል።

ብርሃን የበለጠ ይሠራል። ተራ የመስኮት መስታወት ከሚያርፍበት ብርሃን 8 በመቶ ያህሉን ያንጸባርቃል። በቀን የውጭው ብርሃን እጅግ ስለሚበልጥ ከውጭ የቆመው ሰው መስታወቱ ላይ የሚያየው ሰማይንና የራሱን መልክ ነው፤ በሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ መብራት በበራበት ክፍል ውስጥ ያለችው ሴት መስታወቱ ላይ የምታየው የራሷን መልክ ሲሆን ውጭ ያለው ግን እሷን ያያል። እንግዲህ ሴትየዋ ወደ መስኮቱ ዞራ ስትመለከት ተመልካቹ «አየችኝ» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፤ እሷ ግን የምታየው ፀጉሯን ሊሆን ይችላል። መብራቱን ስታጠፋ ደግሞ ተመልካቹ እሷን ያጣታል፤ እሷ ግን ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ፣ በመንገድ መብራት ሥር የቆመውን እሱን ማየት ትጀምራለች። መብራት ማጥፋት በዚህ ዓይነቱ ታሪክ ውስጥ ተራ ድርጊት የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያየውንና የሚታየውን በአንድ ጣት ንክኪ ያቀያይራል። በምሳሌያችን ሴትየዋ ተኩሳ ስትጨርስ በየምሽቱ መብራቱን ታጠፋለች ማለታችንን ያስታውሱ፤ ተመልካቹ ይህን የመተኛት ምልክት አድርጎ ሊቆጥረው ሲችል፣ አንባቢው ግን ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ሊጠረጥር ይችላል።

ጊዜን በሚመለከት፣ በተለመደ አካሄድ የሚራመድ ሰው በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ባለው መስኮት ፊት ለፊት የሚያልፈው በአንድ ሰከንድ አካባቢ ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ ባቡር ውስጥ ያለ ተሳፋሪ በሰከንድ 20 ሜትር ያልፋል። በአንድ ሰከንድ የታየን ነገር በሁለት ገጽ የዕቃ ዝርዝር መግለጽ አያሳምንም፤ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ይበቃል፤ ሌላው በኋላ በትዝታ ይምጣ፤ ትዝታው ደግሞ ሲደጋገም እንዲለዋወጥ ይፍቀዱለት። ረዘም ያለ መግለጫ ከፈለጉ ተመልካቹ የሚቆምበት ምክንያት ይኑረው።

ጨረፍታው በጆሮ ከሆነ ሒሳቡ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በስልክ የሚነጋገርን ሰው አንድ ወገን ብቻ መስማት ሁለቱንም ወገኖች ከመስማት ይበልጥ ትኩረትን ይሰርቃል፤ አእምሮ የጎደለውን ለመተንበይ ሥራ አያቆምምና። ለጸሐፊው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፦ የአንዱን ወገን ምልልስ ብቻ ይጻፉና የሌላውን መልስ በዝምታው ርዝመት ያስታውቁ። ከመስታወት ወዲያ የሚነጋገሩ ሰዎችን ከንፈር ተራኪው «አነበበ» ከማለት ግን ይቆጠቡ። በ፣ ፐ እና መ በከንፈር ላይ አንድ ሆነው ስለሚታዩ «ባልሽ» ያለውንና «ማልሽ» ያለውን በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም፤ እርግጥ አንድ ሙሉ የታሪክ ሴራ በዚህ ስሕተት ላይ ሊቆም ይችላል።

4. ተመልካቹን መፍጠር

ረቂቆች በብዛት የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ስለሚታየው ሰው ሲጨነቅ የሚያየው ሰው ያለ ዕድሜ፣ ያለ ሥራ፣ ያለ ፍላጎት ይቀራል፤ ታሪኩም በማንም ዓይን ሊታይ የሚችል ይሆናል። ያንኑ መስኮት ለሦስት ተመልካቾች ይስጡና ልዩነቱን ይመልከቱ። ተመልካቹ ልብስ ሰፊ ከሆነ የሸሚዙን የትከሻ ስፋት አይቶ በዚያ ቤት ሲገባና ሲወጣ ያየው ሰው ሁሉ እንደማይለብሰው ያውቃል። ከወላጆቿ ቤት ለመውጣት ያሰበች ወጣት ከሆነች የምታየው ሴትየዋ ብቻዋን መሆኗን ነው፤ ያስቀናታል ወይም ያስፈራታል። የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የመብራቱ መጥፋት የሰዓት ምልክቱ ነው፤ አንድ ምሽት ሳይጠፋ ቢቀር ቀድሞ የሚያስተውለው እሱ ነው።

ተመልካቹን ከመረጡ በኋላ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሱ። ለምን በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ ላይ ይገኛል? የሚያየውን ለማን ይናገራል፣ ከማንስ ይደብቃል? ወደ መስኮቱ እያየ ሳለ የማያየው ማንን ነው? በእኔ አስተያየት ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። በየምሽቱ የሰውን መስኮት የሚመለከት ሰው ጀርባውን ለራሱ ክፍል ሰጥቷል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የታመመች እናት፣ ዝም ያለ ባል ወይም ያልተከፈተ ፖስታ ቢኖር ታሪኩ ሁለተኛ መስኮት ያገኛል። እርስዎ ይህን በግልጽ ማብራራት አይጠበቅብዎትም፤ ከኋላ የሚመጣ አንድ የሳል ድምፅ ይበቃል።

5. የትረካ አንጻርን መምረጥና ግሱን መጠበቅ

ሁሉን አወቅ ተራኪ ለዚህ ዓይነቱ ልቦለድ አብዛኛውን ጊዜ አይስማማም፤ የሴትየዋን ልብ የሚያውቅ ተራኪ መስኮት አያስፈልገውም። አንደኛ መደብ ተራኪ ወይም በአንድ ገጸ ባሕርይ ዓይን የተገደበ ሦስተኛ መደብ ተራኪ ይምረጡ። የሦስተኛ መደቡ ጥቅም አንባቢው ተመልካቹን ራሱን ከውጭ ማየት እንዲችል ማድረጉ ነው።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ልዩ ፈተናና ልዩ ዕድል ያቀርባል። ግሳችን ስለ ሰው ሲናገር ፆታንና የአክብሮት ደረጃን ሳይወስን አያልፍም፤ በመጋረጃ ላይ የታየ ጥላ እንኳ «ተነሣ»፣ «ተነሣች» ወይም «ተነሡ» ከሚሉት አንዱን ይጠይቃል። ተራኪው ማንነቱን ያላወቀውን ሰው በግስ ፆታ ሲመድብ ግምቱን አስቀድሞ ተናግሯል ማለት ነው። ማንነቱ ገና እንዳይታወቅ ከፈለጉ ሰውን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ከማድረግ ይልቅ ጥላን፣ እጅን ወይም መጋረጃን ባለቤት ያድርጉ፦ «ጥላው ወደ ግራ ሄደ፤ መጋረጃው ተከፈተ።» የአክብሮቱ ደረጃ ደግሞ ርቀትን ለማሳየት ከማንኛውም መግለጫ ይበልጣል። ለብዙ ገጾች «ትተኩሳለች» እያለ የቆየ ወጣት ሴትየዋን ደረጃ ላይ በቅርብ አግኝቷት ሽበቷን ሲያይ፣ በሚቀጥለው ምሽት «ይተኩሳሉ» ብሎ ቢጀምር በመካከላቸው የተለወጠውን ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አያስፈልግም። ይህን ለውጥ ሳያውቁት ከፈጸሙት ግን ስሕተት ይመስላል፤ ስለዚህ ረቂቁን የግሶቹን መድረሻ ብቻ እየተከተሉ አንድ ጊዜ ያንብቡት።

ግምትን በተመለከተ «ይመስላል»፣ «ይሆናል»፣ «ሳይሆን አይቀርም» የሚሉትን በየዓረፍተ ነገሩ ማንጠልጠል ጽሑፉን የምስክርነት ቃል ያስመስለዋል። የተሻለው መንገድ ወደ ግምት የሚያስገባውን በር አንድ ጊዜ በግልጽ ከፍቶ («ባሏ ሩቅ አገር ነው እንበል») ከዚያ በኋላ በእርግጠኛ ግስ መቀጠል ነው፦ ሰውየው በየወሩ ይደውላል፤ ሸሚዙን ትቶት የሄደው ተመልሶ ሊለብሰው ነው። ግምቱ በቂ ርቀት ከሄደ በኋላ በሚታይ ነገር፣ ለምሳሌ በሚጠፋ መብራት ወይም በሚያልፍ መኪና፣ ይቁረጡት። አንባቢው መግቢያውንና መውጫውን ካየ በመካከል ያለውን በደስታ ይከተላል፤ ተመልካቹ ራሱ መግቢያውን የሚረሳበት ገጽ ሲመጣም ያስተውለዋል።

6. የማይታየውን ሕይወት ለራስ መጻፍ

ተመልካቹ ባያውቀውም እርስዎ እውነቱን ማወቅ አለብዎት። የምትታየውን ሴት ሙሉ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይጻፉ፦ ማን ይቀሰቅሳታል፣ ከመስኮቱ በማይታየው የክፍሉ ጥግ ላይ ምን አለ፣ ለተኮሰችው ሸሚዝ ስንት ይከፈላታል፣ ይህን ሥራ እንደምትሠራ ከማን ትደብቃለች። ከዚህ ውስጥ ወደ ታሪኩ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ምሥጢር ሁሉ ነውር ወይም ወንጀል መሆን እንደሌለበትም ልብ ይበሉ። ትርፍ ሥራ መሥራትን ከልጅ መደበቅ፣ ብቻን መብላት፣ ማንበብ አለመቻል፤ ሰው በሩን ዘግቶ የሚይዛቸው ነገሮች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ በልቦለድም ከተቀበረ ሬሳ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራሉ።

7. ሁለተኛውን ጨረፍታ ማምጣት

አንድ ጨረፍታ ብቻውን ሥዕል እንጂ ሴራ አይሆንም። ሴራ የሚጀምረው የመጀመሪያው ግምት ከተደላደለ በኋላ ከእሱ ጋር የማይስማማ ነገር ሲታይ ነው። በምሳሌያችን አንድ ምሽት ሁለት ሰማያዊ ሸሚዞች ጎን ለጎን ተሰቅለው ይታያሉ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ተመልካቹ ለሳምንታት የገነባው ሐዘን በዚያች ቅጽበት ይፈርሳል። አሁን ሊጠየቅ የሚገባው የተመልካቹ ስሜት ነው፤ ሴትየዋ ባለማዘኗ እፎይ ይላል ወይስ ይከፋል? ቅር የሚለው ከሆነ፣ ማለትም ያላወቃት ሴት እንድታዝን ይፈልግ ከነበረ፣ ታሪኩ የሚነካ ነገር አገኘ፤ ይህንንም ተራኪው ራሱ ሳይናገረው ድርጊቱ ይናገርለት፤ ለምሳሌ በማግሥቱ ወንበሩን ከመስኮቱ ያርቅ፣ ወይም ለባለቤቱ ሁለተኛውን ሸሚዝ ሳይጠቅስ የቀድሞውን ታሪክ ይድገምላት።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ተመልካቹ ርቀቱን አፍርሶ በሩን ማንኳኳቱ ነው። ይህ ሲሆን ሴትየዋ ተቀምጣ የሕይወት ታሪኳን እንድትተርክለት አያድርጉ፤ ያላወቀችው ሰው በሯ ላይ ቆሞ ስለ ሸሚዝ ሲጠይቃት የሚኖራት ትክክለኛ ስሜት ፍርሃት ነው፤ ያንን ፍርሃት በሐቀኝነት መጻፍ ተመልካቹ ስለ ራሱ የነበረውን ግምት ይፈትናል። ሁለተኛው መንገድ እይታውን መገልበጥ ነው፤ ሴትየዋ መብራቷን አጥፍታ እሱን ስታየው እንደ ቆየች ማወቅ። ይህኛው አሁን አሁን ስለ በዛ፣ ከተጠቀሙበት በመጨረሻው መስመር ላይ እንደ ድንገተኛ ብልሃት አያስቀምጡት፤ መካከል ላይ ያምጡትና ሁለቱም መተያየታቸውን እያወቁ በሚያሳልፏቸው ምሽቶች ላይ ይሥሩ። የታየችው ሴት የተመልካቹ የጠፋች ዘመድ ሆና እንድትገኝ የሚያደርግ ሴራ ግን ያለ ማመንታት ይሰረዝ።

8. የእውነተኛውን ሰው ማንነት መሸፈን

መነሻው በእውነት የታየ ሰው ከሆነ ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ጎረቤቱ ሰውየውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በቤቱ፣ በሥራው፣ በልማዱ ነው። ድርጊቱን ብቻ ያስቀሩና ዕድሜውን፣ ፆታውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይቀይሩ፤ የሁለት ሰዎችን ልማድ በአንድ ገጸ ባሕርይ ላይ ማዋሐድም ይረዳል። በተገኘ ደብዳቤ ወይም በስሕተት በደረሰ መልእክት ላይ የሚሠሩ ከሆነ አንድም ቃል እንዳለ አይገልብጡ።

9. ማረም

ረቂቁን ለጥቂት ቀናት ካስቀመጡት በኋላ ሁለት ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች ይያዙ፤ በአንዱ ተመልካቹ በዓይኑ ወይም በጆሮው ያገኘውን፣ በሌላው የገመተውን እያሰመሩ ያንብቡ። በሁለቱም ቀለም ሊሰመርበት የማይችል ዓረፍተ ነገር ካለ ጸሐፊው ተራኪውን ገፍቶ ራሱ ገብቶበታል፤ ያውጡት ወይም ምንጭ ይስጡት። የግምቱ ቀለም ገጾቹን ከሞላና የታየው ነገር ከጠፋ ወደ 3ኛው ደረጃ ይመለሱና ርቀቱን እንደገና ያስሉ። የግምቱ ቀለም ከነጭራሹ ካልታየ ደግሞ ጉድለቱ ያለው በ4ኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ተመልካቹ ገና አልተፈጠረም። በመጨረሻም ታሪኩን ምንም ላልነገሩት ሰው አስነብበው ስለ ሴትየዋ ሳይሆን ስለ ተመልካቹ ምን እንዳወቀ ይጠይቁት፤ የሚመልሰው ነገር ካጣ እንደገና ከመጻፍዎ በፊት የደብተሩን ሁለተኛ ገጽ ይክፈቱ።